ሰባት ኮምፒውተር ለአንድ የሒሳብ ቢሮ፦ የጉዳይ ጥናት

ቢሮው አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የነጋዴዎችን መዝገብ ይይዛል፣ ግብር ያሳውቃል፣ የደመወዝ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። ሰባት ሠራተኛና ስምንት ዴስክቶፕ አለው፤ ስምንተኛው ማንም የማይቀመጥበት፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ የፒችትሪ የጋራ መረጃ ያለበት ማሽን ነው። ሁሉም ገንዘብ በተገኘ ቁጥር አንድ አንድ እየተባሉ የተገዙ ያገለገሉ ብራንዶች ነበሩ። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ የአንዱ ፓወር ሰፕላይ (ከሶኬት መብራት ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሣጥን) ለሌላው አይሆንም።

ለውጡን ያስገደዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ማቆሙ ነው። ዊንዶውስ 11 ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም፤ ከስምንቱ ማሽኖች ይህን የሚያሟላው አንድ ብቻ ነበር። ለድርጅቶች የተዘጋጀው ተጨማሪ የደኅንነት ዝመና ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ማሽን 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ በእጥፍ ይጨምራል። ነገ ሊሞት ለሚችል ማሽን ይህን መክፈል አያዋጣም። ሁለተኛው ምክንያት የማያቋርጥ ብልሽት ነው። ፓወር ሰፕላይ ይቃጠላል፣ ሃርድ ዲስክ ይንቀራፈፋል፣ የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ባትሪ ያለቀበት ማሽን ደግሞ በተከፈተ ቁጥር ቀኑን ወደ ኋላ ይመልሳል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር የግብር ድረ ገጽን በምስክር ወረቀት ስህተት ይዘጋል፤ ፒችትሪ ላይ ደግሞ የሽያጭ መዝገብ ባልሆነ ወር ውስጥ ያስገባል። የሳንቲም ያህል ስፋት ያላት ሲአር2032 ባትሪ ብትቀየር የሚያበቃ ጉዳይ ነበር።

የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ሒሳብ እስከ ጥቅምት 30 ስለሚገባ ከዚያ በፊት አንድም ማሽን እንዳይነካ ተወሰነ። ሥራው ኅዳር ላይ ተጀመረ።

ከዕቃው በፊት መብራቱ

ሦስት ፓወር ሰፕላይ የሚቃጠልበት ቢሮ ችግሩ ኮምፒውተር ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ዕቃ ከመጠየቁ በፊት በመልቲሜትር ሶኬቶቹ ተለኩ። ጠዋት 226 ቮልት ያሳየው ሶኬት፣ ከሰዓት በኋላ የሕንፃው ሊፍትና የታችኛው ፎቅ ምግብ ቤት ሲበረቱ 188 ይወርዳል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ከ250 በላይ ይወጣል።

ከዚህ የባሰው የመሬት መስመሩ ነበር። ሠራተኞቹ «ኬዙ ይነዝራል» ይሉ ነበር። የፓወር ሰፕላይ መግቢያ ላይ ያሉ ትንንሽ ኮንደንሰሮች ከፌዝና ከኒውትራል ወደ ኬዙ የተያያዙ ናቸው። የመሬት መስመር ካለ ያቺ ጥቂት ፍሰት ወደ መሬት ትሄዳለች፤ ከሌለ ኬዙ በ220 እኩሌታ፣ ማለትም በ110 ቮልት አካባቢ ተንሳፍፎ ይቀራል። መልቲሜትሩ በኬዙ ብረትና በውኃ ቧንቧው መካከል ያሳየውም ይህንኑ ያህል ነው። ሰው አይገድልም፤ ነገር ግን የሞኒተር ገመድ ወይም ፍላሽ በሚሰካበት ቅጽበት የዩኤስቢና የኤችዲኤምአይ ወደቦችን ሊያበላሽ ይችላል። ሶኬቶቹ ሦስተኛው ቀዳዳ አላቸው፤ ከኋላ ግን ሽቦው አልተያያዘም። ኤሌክትሪሻን ከፎቁ ማከፋፈያ ሣጥን እስከ ስምንቱ ጠረጴዛ የመሬት ሽቦ ሳበ። ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ይህ ነበር፤ ከሁሉ የጠቀመውም ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያገለገለ ወይስ ተገጣጣሚ?

ገበያው ላይ 8ኛና 9ኛ ትውልድ ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ፕሮዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር ይገኛሉ። በዋጋ ከአዲስ ተገጣጣሚ ይረክሳሉ፣ አሠራራቸውም ጠንካራ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ማሽን ለሚፈልግ ቢሮ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን የሚገባቸው እነሱ ናቸው። እዚህ ቢሮ ላይ ግን የሚሞተው ፓወር ሰፕላይ ነው፤ የእነዚህ ብራንዶች ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ቅርጹም መሰኪያውም የራሳቸው ነው። ሲቃጠል ምትኩ የሚገኘው ከሌላ የሞተ ማሽን ተነቅሎ ነው። መደበኛ ኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ግን በዚያው ቀን ከየትኛውም ኮምፒውተር ቤት ይገዛል፣ በሃያ ደቂቃም ይቀየራል። ምርጫውን የወሰነው ይህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰባት አንድ ዓይነት ማሽን እንዲገጣጠም ተወሰነ፤ ስድስቱ ለሠራተኞች፣ አንዱ ለመረጃ። 8ኛ ትውልድ አይ5 ያለው አሮጌ ኦፕቲፕሌክስ ሃርድ ዲስኩ በፈጣኑ ዲስክ በኤስኤስዲ ተተክቶ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

የብር ዋጋ እዚህ አልተጻፈም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ነጋዴው ፕሮፎርማ ሲሰጥ የሚጸናው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ነው፤ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለአንባቢ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከሦስት ቤት በአንድ ቀን ፕሮፎርማ መሰብሰብ፣ ሰባቱንም በአንድ ደረሰኝ መግዛትና በደረሰኙ ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ ሞዴል በሙሉ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። «ኤስኤስዲ 500» ብቻ የሚል ደረሰኝ ዕቃው ሲበላሽ አያከራክርም።

ዕቃዎቹ

ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ3-12100 ነው። አራት ኮር፣ ስምንት ትሬድ፣ መነሻ ኃይሉ 60 ዋት፣ የራሱ ማራገቢያ በካርቶኑ ውስጥ አለ። ለፒችትሪ፣ ለኤክሴልና ለብራውዘር ይበቃል፤ አይ5 ለመግዛት የሚወጣው ልዩነት ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው) ላይ ቢውል ይሻላል። ሞዴሉ መጨረሻ ላይ «ኤፍ» ያለበትን እንዳይገዙ፤ በጥቂት ይረክሳል፣ ነገር ግን ውስጡ ግራፊክስ ስለሌለው ያለ ተጨማሪ ካርድ ምስል አይሰጥም። ሻጩ «ያው ነው» ሊል ይችላል፤ ያው አይደለም። ቀዝቃዛ ፕሮሰሰር መምረጥ ሌላም ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ጥግግት በዝቅተኛ ቦታ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀትም ያንኑ ያህል ይቀንሳል።

ማዘርቦርዱ ኤች610፣ ዲዲአር4 የሚቀበል፣ አንድ የኤም ዶት 2 ቦታ ያለው፣ ከኤችዲኤምአይ ጋር ቪጂኤ መውጫም ያለው ነው። ቪጂኤው የተፈለገው አሮጌዎቹን ሞኒተሮች ላለመጣል ነው። 12ኛ ትውልድ ከኤች610 ጋር ያለ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ዝመና ይሠራል፤ ከመደብር የወጣ አሮጌ ኤች610 ቦርድ ላይ 14ኛ ትውልድ የሰካ ሰው ግን ጥቁር ስክሪን ሊያይ ይችላል።

ራሙ ላይ በጀቱ ተፈተነ። ከ2018 መጀመሪያ ወዲህ የሜሞሪ ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ንሯል፤ የአሮጌዎቹ ማሽኖች ዲዲአር3 ደግሞ ለአዲሱ ቦርድ አይገባም። ለመረጃው ማሽንና ትላልቅ የኤክሴል ፋይል ለሚከፍቱ ሦስት ሠራተኞች ሁለት ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት፣ ለቀሩት ሦስቱ አንድ አንድ ተገዛ። ሁለተኛው ቦታቸው ዋጋ እስኪረግብ ባዶ ቀረ። 11 ራም፣ ከመጠባበቂያው ጋር 12። ዊንዶውስ 11 በ8 ጊጋባይት ይሠራል፤ ብራውዘር ላይ ሃያ ገጽ ከፍቶ የሚውል ሰው ግን ይሰማዋል።

ዲስኩ 500 ጊጋባይት ኤንቪኤምኢ (ኤም ዶት 2 ቦታው ላይ የሚሰካ ፈጣን ኤስኤስዲ) ነው። አቅሙ ለሠራተኛው ይተርፋል፤ ከ256ቱ ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ግን ጠባብ ነበር።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ ብዙ ሰዓት ጠፋ፣ ቢጠፋም ይገባዋል። ከኬዝ ጋር ተገጥሞ «500 ዋት» ተብሎ የሚመጣውን ትቶ ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ማንበብ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር የሚበላው ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። እዚያ 16 አምፔር የሚል ከሆነ 16 በ12 ሲባዛ 192 ዋት ነው፤ የቀረው ቁጥር ለማስታወቂያ ነው። ደኅና 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ በ12 ቮልት መስመሩ 35 አምፔር ያህል ያሳያል። ሁለተኛው የሚነበበው የመግቢያ ቮልቴጅ ነው። 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚባለው የብቃት ደረጃ ከተጻፈባቸው ውስጥ እንኳ ከ200 እስከ 240 ቮልት ብቻ የሚቀበሉ አሉ፤ 188 ለሚወርድ ሶኬት አይሆኑም። የተገዛው ከ100 እስከ 240 የሚቀበል ነው። ከኋላ ቀይ የ115 እና 230 መቀያየሪያ ያለው አሮጌ ዓይነት ከሆነ ደግሞ መቀያየሪያው 115 ላይ እያለ 220 ላይ የተሰካ ማሽን በአንድ ፍንዳታና በጭስ ይሰናበታል።

ዩፒኤሶቹ ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባሉት፣ ቮልቴጅ ሲወርድና ሲወጣ ወደ ባትሪ ሳይሄዱ የሚያስተካክሉ ናቸው። ለሰባቱ ጠረጴዛ 650 ቪኤ፣ ለመረጃው ማሽን 1200 ቪኤ ተገዛ። ሁሉም በአንዴ ከመገዛታቸው በፊት አንድ ዩፒኤስ ከተመረጠው ፓወር ሰፕላይ ጋር ተሰክቶ፣ ማሽኑ እየሠራ የዩፒኤሱ ገመድ ከግድግዳ ተነቀለ። ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሆን የሚሰጠው ሞገድ ንጹሕ ስላልሆነ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ በዚያ ቅጽበት ይጠፋል። የመጀመሪያው ሞዴል ማሽኑን አጠፋው፤ ሁለተኛው አለፈ። ይህ ሙከራ በሻጩ ጠረጴዛ ላይ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ከዚህ ሌላ አንድ ፓወር ሰፕላይና አንድ ኤንቪኤምኢ በመጠባበቂያነት ቁም ሣጥን ገቡ።

ገጠማው

መጀመሪያ አንድ ማሽን ብቻ ተገጠመ፣ ለአንድ ሳምንት አንድ ሠራተኛ ሠራበት። የቀሩት ስድስቱ የተገጠሙት ከዚያ በኋላ ነው።

እያንዳንዱ ከኬዝ ውጭ ተሞከረ። ማዘርቦርዱ በራሱ ካርቶን ላይ ይቀመጣል። ፕሮሰሰሩ ከመግባቱ በፊት የሶኬቱ መርፌዎች በስልክ መብራት በጎን ይታያሉ፤ አንድ የተጣመመ ካለ ያኔውኑ መመለስ ነው፣ ከገጠሙ በኋላ ጋራንቲ የለም። የፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችው ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር ትገጥማለች፣ በራሱ ክብደት ይቀመጣል፣ አይጫንም። ማንሻው ሲዘጋ ጠንከር ይላል፣ ፕላስቲክ ሽፋኑም ራሱ ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ልማዱ ነው። የማራገቢያው አራት እግሮች በሰያፍ ሁለት ሁለት ይጫናሉ፣ እያንዳንዱ «ቀጭ» ማለት አለበት። ፓስታው ከታች ተቀብቶ ስለሚመጣ አይጨመርም።

ቀጥሎ ራም፣ ኤንቪኤምኢ፣ ባለ 24 መሰኪያና ለፕሮሰሰሩ ያለው ባለ 8። ባለ 8ቱ ለሁለት አራት አራት የሚከፈለው ነው፤ ስድስትና ሁለት ሆኖ የሚከፈለው ለግራፊክስ ካርድ ስለሆነ አይገፋም። ከዚያ የማብሪያው ሁለት መርፌዎች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ይነካካሉ። የባዮስ ገጽ ከመጣ ወደ ኬዝ ይገባል። ከሰባቱ አንዱ ማራገቢያው ዞሮ ምስል አልሰጠም፤ ራሙ በአንድ ጎኑ አልገባም ነበር፣ ወጥቶ ሁለቱም ጫፍ እስኪቆልፍ ሲጫን ተነሳ። ምስል የማይሰጥ አዲስ ማሽን ላይ ከምንም በፊት የሚፈተሸው ይህ ነው።

ኬዝ ውስጥ የሚያሳስበው የቦርዱ ማቆሚያ ነው። ኬዙ ለትልቅ ቦርድ የተበሳ ስለሆነ ቦርዱ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ የቀረ አንድ ማቆሚያ ከሥር የቦርዱን ሽያጭ ነክቶ ሾርት ያደርጋል። ማቆሚያዎቹን ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር ቆጥሮ ትርፉን መንቀል ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ስለሆነ የሰው ልብስ ስታቲክ ይይዛል፤ «የተሰካ ኬዝ መንካት ያወርደዋል» የሚባለው ደግሞ የመሬት መስመር ባለበት ቤት ብቻ ነው የሚሠራው።

አዲሶቹ ኤንቪኤምኢዎች ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት የዲስክን ጤንነት በሚያሳየው በክሪስታልዲስክኢንፎ ተከፈቱ። አዲስ ዲስክ የሠራበት ሰዓት ዜሮ ወይም ጥቂት ነው። አንዱ ከአንድ ሺህ በላይ አሳየ፣ በዚያው ቀን ተመለሰ። ራሞቹ በመፈተሻው ፕሮግራም በሜምቴስት86 ሌሊቱን ሲፈተሹ አደሩ፤ አንድም ስህተት ቢሆን ራሙ ይመለሳል፣ «አንድ ብቻ ነው» አይባልም።

ባዮስና ዊንዶውስ

ባዮስ ውስጥ የተነካው ጥቂት ነው። ቀኑ ተስተካከለ፣ ቲፒኤም የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ሥራ የሚሠራው የኢንቴል ፒቲቲ ተከፈተ፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 ይፈልጋል። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚለው ምርጫ «ጠፍቶ ይቆይ» ላይ ተደረገ። መብራት በአሥር ደቂቃ ሦስት ጊዜ ሄዶ በሚመጣበት ሰፈር ራሱ የሚነሳ ኮምፒውተር ዊንዶውስን ለመስበር የተዘጋጀ ነው።

ሰባቱ አንድ ዓይነት መሆናቸው እዚህ ጠቀመ። የመጀመሪያው ማሽን ላይ ዊንዶውስ 11 ፕሮ፣ ፒችትሪ፣ ኦፊስ፣ የፕሪንተሩ ሶፍትዌር፣ ፓወር ግእዝና ለአሮጌ ደብዳቤዎች የቪዥዋል ግእዝ ፊደሎች ተጫኑ። ያለ እነዚያ ፊደሎች የቆየ ደብዳቤ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይከፈታል። ከዚያ ዲስኩ በሲስፕሬፕ ተዘጋጅቶ በክሎንዚላ ተቀዳ፣ ቅጂው ወደ ስድስቱ ወረደ። የዊንዶውስ ፈቃድ ግን ለእያንዳንዱ ለየብቻ ተገዝቷል። በክራክ የነቃ ዊንዶውስ የደንበኛ ሒሳብ የሚቀመጥበት ቢሮ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ክራኩ ራሱ ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ብሎ ነው የሚጀምረው።

አንድ ወጥመድ አለ። በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተ አዲስ ዊንዶውስ 11 ሳይጠይቅ ዲስኩን ሊያመሰጥር ይችላል። ማዘርቦርድ የተቀየረ ቀን የመክፈቻ ቁጥሩ ካልተገኘ መረጃው ጠፋ ማለት ነው። የሰባቱም ቁጥር ታትሞ ካዝና ገባ።

የሳምንቱ ሙከራ ያወጣው ችግር አሮጌው ፒችትሪ ሪፖርት ወደ ፒዲኤፍ ሲያወጣ ፕሪንተሩ አልነቃም የሚል መልእክት መስጠቱ ነው። የፒችትሪ የራሱ ፒዲኤፍ መለወጫ ከአዲስ ዊንዶውስ ጋር አይስማማም፤ ሪፖርቱን በዊንዶውሱ የራሱ የፒዲኤፍ ፕሪንተር ማውጣት በቂ ሆነ። ሰባት ማሽን ተተክሎ በመጀመሪያው ቀን ቢታወቅ ኖሮ ሥራ ይቆም ነበር።

መረጃው ያለበት ማሽን

በአካሉ ከሌሎቹ አይለይም፤ ሁለተኛ 1 ቴራባይት ዲስክ ብቻ ተጨምሮለታል። ፒችትሪ መረጃውን የሚይዘው ፐርቫሲቭ በሚባል የመረጃ ቋት ነው፤ መዝገብ በሚገባበት ቅጽበት ግንኙነት ቢቋረጥ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ዋይፋይ ለስልክ ብቻ ሆነ፣ ስምንቱም ማሽን በኬብል ተያያዘ። ስምንት ኮምፒውተር ስላለ ባለ 8 ወደብ ስዊች (ኬብሎቹን የሚያገናኘው ዕቃ) ይበቃል ብሎ መግዛት የተለመደ ነው፤ ፕሪንተሩና ራውተሩ ሲጨመሩ 10 ይሆናል። የተገዛው ባለ 16 ነው።

ስዊቹና ራውተሩ በ1200 ቪኤው ዩፒኤስ ላይ ተሰኩ። ይህን የማያደርግ ቢሮ ብዙ ነው። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በዩፒኤስ እየሠሩ ስዊቹ ግድግዳ ላይ ከተሰካ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ኔትወርኩ ይሞታል፣ ፒችትሪ ክፍት ፋይሉን ይዞ ይወድቃል። ዩፒኤሱ ለምን እንደተገዛም አይታወቅም። የመረጃው ማሽን እንቅልፍ ሁነታ ተዘግቷል፣ ቋሚ የአይፒ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ የኔትወርክ ካርዱን ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ እንዳያጠፋውም ምልክቱ ተነስቷል። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ስለተያያዘ ባትሪው ሲዳከም ማሽኑ በሥርዓት ይዘጋል።

በየቀኑ ከሥራ መውጫ ላይ የፒችትሪ ባክአፕ ወደ ሁለተኛው ዲስክ ይወጣል፤ ዓርብ ዓርብ ከሁለት ውጫዊ ዲስኮች አንዱ ላይ ይገለበጣል፣ ሌላው ከቢሮው ውጭ ያድራል። በወር አንድ ጊዜ ባክአፑ ሌላ ማሽን ላይ ተከፍቶ የአንድ ደንበኛ ሚዛን ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል።

ከተተከለ በኋላ

በሁለተኛው ቀን አንድ ዩፒኤስ ጮኾ ጠፋ። ሌዘር ፕሪንተሩ በዲቫይደር በኩል እሱ ላይ ተሰክቶ ተገኘ። ሌዘር ፕሪንተር ወረቀቱን ለመተኮስ ሲሞቅ ለጥቂት ሰከንድ አንድ ሺህ ዋት ገደማ ሊስብ ይችላል፤ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ደግሞ የሚችለው 360 ዋት አካባቢ ነው። ፕሪንተሩ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ገባ፣ ዩፒኤሶቹ ላይም «ፕሪንተር አይሰካ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሁለት ቦታ የቡና ማፊያ ምድጃም ተመሳሳይ ፈተና ነበር።

አንድ ማሽን ከሞኒተሩ ጋር በመደበኛ ሥራ ከ50 እስከ 60 ዋት ይበላል። የ650 ቪኤው ባትሪ 12 ቮልት በ7 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 84 ዋት ሰዓት ነው። በወረቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ያቆያል፤ በተግባር በመለወጥ የሚባክነውና ባትሪው በፍጥነት ሲጠባ የሚቀንሰው ተደማምሮ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ጄኔሬተር እስኪነሳ ይበቃል። ባትሪዎቹ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ስለሚቆዩ የተገዙበት ቀን ከጎናቸው ተጽፏል፤ በየሦስት ወሩም ገመዱ ተነቅሎ ስንት ደቂቃ እንደሚይዙ ይለካል። በዚያው ቀን የኬዞቹ የፊት ወንፊት ይታጠባል፣ ውስጣቸው በብሎወር ይነፋል፤ በሚነፋበት ጊዜ ማራገቢያው በጣት ይያዛል፣ ካልሆነ ከመጠን በላይ ዞሮ ቦርዱን ሊጎዳ ይችላል።

የወጡት ሰባት አሮጌ ማሽኖች ለሽያጭ ቀረቡ፤ ዲስኮቻቸው ግን ተነቅለው ቀሩ። የሚሠሩት ዲስኮች ሙሉ በሙሉ ተደምስሰው የባክአፕ ቅጂ መያዣ ሆኑ፣ የማይነሱት በመሰርሰሪያ ተበሱ። በውስጣቸው የብዙ ነጋዴ የዓመታት ሽያጭና የሠራተኞቻቸው ደመወዝ ነበር።